ቅንድብ የሚጽፈው ፊደል
አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ስለሚሆኑ የኮምፒዩተር መግባቢያ መሣሪያዎች፣ ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ አንጻር

ሐሳብ በአእምሮ ውስጥ ተሟልቶ ቢገኝም ወደ ሌላ ሰው የሚደርሰው በሥጋ በኩል ነው፤ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጉሮሮና ሳንባ ተባብረው ንግግር ያደርጉታል፣ ጣት ጽሑፍ ያደርገዋል፣ ዐይንና ራስ ምልክት ያደርጉታል። እነዚህን የሰውነት ክፍሎች የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ወይም ትእዛዙን የሚያደርሰው ነርቭ ሲጎዳ፣ ሰውየው የሚናገረው ሳይጠፋበት የሚናገርበት ይጠፋበታል። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ እንዲህ ላለው ሰው ንግግርን የሚተኩ ወይም የሚደግፉ፣ በኮምፒዩተርና በስልክ የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። መስኩ «አጋዥና አማራጭ ተግባቦት» ሊባል ይችላል፤ አጋዥ የሚያሰኘው የቀረውን ጥቂት ንግግር ስለሚያግዝ፣ አማራጭ የሚያሰኘው ደግሞ ንግግር ጨርሶ በሌለበት ቦታ ተተክቶ ስለሚሠራ ነው። ስለነዚህ መሣሪያዎች ከሚጻፈው አብዛኛው መብራት የማይጠፋበትን፣ ቤቱ ከአስፋልት ዳር የሆነውንና ቋንቋው እንግሊዝኛ የሆነውን ተጠቃሚ በማሰብ የተጻፈ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው የዋግ ኽምራ ከተማ ለሰቆጣ፣ ይልቁንም ከሰቆጣ ወዲያ ላሉት ለዝቋላ፣ ለደሃና፣ ለፃግብጂና ለአበርገሌ ቀበሌዎች የሚሆነውን ከማይሆነው መለየት ያስፈልጋል።

መሣሪያው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያ የሚነሡት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት ናቸው። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል በእርግዝና ጊዜ፣ በምጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው፤ ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ያለ ጊዜው ሲወለድ፣ ከተወለደ በኋላ ሰውነቱ በኃይል ቢጫ ሲሆን ወይም የማጅራት ገትር ሲይዘው ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል። ከእነርሱ ቀጥሎ በስትሮክ አንደበታቸው የተያዘ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች፣ አንገታቸው አካባቢ የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸውና የጡንቻ አዛዥ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው ሕመም የያዛቸው ይመጣሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት በዋግ ኽምራም ስላለፈ፣ በጥይትና በፍንዳታ የራስና የአከርካሪ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በዚህ ቁጥር ላይ ተጨምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ቆም ብሎ መታየት አለበት። አፉ የማይታዘዝለት፣ ልጋጉ የሚዝረበረብ፣ እጁ ያለ ፈቃዱ የሚወራጭ ልጅ ሲታይ ሰው ሁሉ አእምሮውም እንዲሁ የተዛባ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ማንም አያናግረውም፣ የሚያናግረው ያጣ ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚማርበት ዕድል ስለሚያንስ ግምቱ ራሱን እውነት ያደርጋል። ይሁንና ከሴሬብራል ፓልሲ ዓይነቶች መካከል ያለ ፈቃድ መወራጨትን የሚያመጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ ንግግርን አጥብቆ የሚጎዳና ማስተዋልን የሚተው ነው። ነገሩን እርግማን ብሎ የሚሰውረው ቤተሰብም ሆነ «ምንም አይሰማም» ብሎ የሚያልፈው ባለሙያ የሚፈርዱት በሰውነቱ ላይ ባዩት ብቻ ነው። የዚህ ስሕተት ጉዳት እስከ ምግብ ድረስ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማስወገድ የገባው የኢትዮጵያ መንግሥት ቃል ኪዳን ስሙን ያገኘው ከሰቆጣ ነው፤ ማኘክና መዋጥ ለሚያስቸግረው ልጅ ግን «ራበኝ»፣ «ጠገብኩ»፣ «ተናነቀኝ» ብሎ የሚያስታውቅበት መንገድ ማግኘት ራሱ የምግብ ጉዳይ መሆኑ ብዙም ሲነሣ አይሰማም።

የመሣሪያዎቹ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ባልተጠበቀ በኩል ቅርብ ነው። አትሌት አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ሽባ በሆነ ጊዜ ለሕክምና የተላከው በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነበር፤ በዓመቱም በዚያው በዊልቸር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። አበበ ከመድረሱ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሬጅ ማሊንግ የተባለ ሰው በዚያው ሆስፒታል ሕመምተኞችን ሲጠይቅ፣ እጅና እግራቸው የማይንቀሳቀስ ሰዎች ከሌላው ጋር የሚገናኙባት መሣሪያ አንዲት ትንሽ ደወል ብቻ መሆኗን አይቶ «ፖሰም» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ተጠቃሚው በአፉ የያዘውን ቀጭን ቱቦ እፍ ሲልበት ወይም ወደ ውስጥ ሲስበው ግፊቱ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥና መብራት ያበራል፣ ደወል ይደውላል፣ የጽሕፈት መኪና ፊደል ይመታል። ቃሉ በላቲን «እችላለሁ» ማለት መሆኑ ለስሙ ተስማሚ ሆኗል። ዛሬ ያሉት የመግባቢያ መሣሪያዎች ሁሉ፣ ዋጋቸው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሆነው ሳይቀር፣ በመሠረቱ ይህንኑ ይሠራሉ፦ ሰውነት የሚታዘዘውን አንድ እንቅስቃሴ ፈልጎ ማግኘትና ከፊደል ጋር ማገናኘት።

የዚህ እጅግ የታወቀው ምሳሌ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤ.ኤል.ኤስ. እንዳለበት የተነገረው ሆኪንግ በ1985 በሳንባ ምች ታሞ ለመተንፈስ ጉሮሮው በመከፈቱ የቀረችውን ድምፁን አጣ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ የተግባባው በኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሌላ ሰው ፊደሎች በተጻፉበት ካርድ ላይ እያመለከተ ሲሄድ ሆኪንግ የፈለገው ፊደል ላይ ሲደርስ ቅንድቡን ከፍ ያደርግ ነበር። ቀጥሎ ዎልት ዎልቶዝ የተባለ አሜሪካዊ የሠራው ፕሮግራም ተላከለትና በእጁ አንዲት ቁልፍ እየተጫነ ከስክሪን ላይ ቃላት ይመርጥ ጀመር፤ በዚህም በደቂቃ እስከ 15 ቃል ይደርስ ነበር። እጁ ሲደክም በመነጽሩ ላይ የተተከለ መሣሪያ የጉንጩን ጡንቻ እንቅስቃሴ በማይታይ ብርሃን እየለየ ቁልፉን ተካለት፤ ፍጥነቱ ግን እየቀነሰ ሄዶ በደቂቃ ወደ አንድ ቃል ወርዶ ነበር። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ለእርሱ የሠራውን አዲስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲሠራበት ለቆታል።

የሆኪንግ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የማሽን ድል ሆኖ ነው፤ ለዋግ አንባቢ ግን ትልቁ ነገር ያለው በካርዱና በቅንድቡ ላይ ነው። ቅንድብን ብድግ ማድረግ በኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ማንም የሚያውቀው የ«አዎ» ምልክት ነው፤ ሌላው ዓለም ለበሽተኛ የሚያስተምረውን የአገሩ ሰው ከእናቱ ጡት ጋር ይዞት ያድጋል። ካርዱም ቢሆን አዲስ አይደለም። በየአድባራቱ ጥላ ሥር የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» የሚያስቆጥሩበት የፊደል ገበታ በቤትና በዓምድ የተከፈለ በመሆኑ፣ በአንድ እንቅስቃሴ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ከላቲኑ ኤቢሲዲ ይልቅ የተሰናዳ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለመረዳት የአሠራሩን ስሌት ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል።

አንድ ቁልፍ ብቻ መጫን የሚችል ሰው የሚጽፍበት ዘዴ ቅኝት ይባላል። ኮምፒዩተሩ ፊደሎቹን ተራ በተራ በብርሃን ያደምቃል፤ የተፈለገው ሲደምቅ ሰውየው ቁልፉን ይጫናል። የተለመደው ገበታ 33 ቤትና 7 ዓምድ ስላለው በጠቅላላው 231 ፊደል ነው፤ ብርሃኑ በየፊደሉ ላይ አንድ ሴኮንድ እየቆየ ከሀ ጀምሮ አንድ በአንድ ቢሄድ፣ «ውሃ» ብሎ ለመጻፍ «ው» 132ኛ፣ «ሃ» 4ኛ በመሆናቸው 136 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የጠማው ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም። ብርሃኑ መጀመሪያ ቤቶቹን ብቻ፣ ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰባት ፊደሎች እንዲቃኝ ከተደረገ «ው» በ19 እና በ6 እርምጃ፣ «ሃ» በ1 እና በ4 እርምጃ ይገኛሉ፤ ጠቅላላው 30 ሴኮንድ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ በአማርኛ ንባብ ልዩነት የሌላቸውን ቤቶች መቀነስ ነው፤ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ቢወጡ 28 ቤት ይቀራል፣ 28 ደግሞ ለአራት ሰባት ሰባት ይደርሳል። ብርሃኑ በመጀመሪያ ከአራቱ ክፍል አንዱን፣ ከዚያ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰባት ቤቶች አንዱን፣ በመጨረሻም ከሰባቱ ዓምድ አንዱን ሲያስመርጥ፣ «ው» በሦስተኛው ክፍል፣ ሁለተኛ ቤት፣ ስድስተኛ ዓምድ ላይ ስላለ በ11 እርምጃ፣ «ሃ» በመጀመሪያው ክፍል፣ መጀመሪያ ቤት፣ አራተኛ ዓምድ ላይ ስላለ በ6 እርምጃ ይገኛሉ። 17 ሴኮንድ ማለት ነው። (ሊቃውንቱ ሞክሼ ፊደላትን ማስወጣት ደፋርነት ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ይሁን እንጂ «ንጉሥ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ሕመምተኛ የጠየቀው ውሃ እስካገኘ ድረስ ፊደል ለማረም ሌላ ጊዜ አለ።)

ከዚህም በላይ መሄድ ይቻላል። ዦን ዶሚኒክ ቦቢ የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ስትሮክ መትቶት ከግራ ዐይኑ ቆብ በቀር መላ ሰውነቱ ከሞላ ጎደል ደርቆ ሳለ በ1997 የታተመ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈው፣ ሌላ ሰው ፊደሎችን በፈረንሳይኛ ከሚዘወተረው ወደማይዘወተረው በቅደም ተከተል እያነበበለት እርሱ በጥቅሻ ሲመርጥ ነው። በአማርኛ ከዓምዶቹ ሁሉ የሚዘወተረው ሳድስ ስለሆነ፣ ሳድስን ወደ ፊት አምጥቶ ግዕዝንና ራብዕን ማስከተል «ውሃ»ን ከ17 ወደ 11 እርምጃ ያወርደዋል። ነገር ግን ሰባቱን ዓምድ በዜማ በቃሉ የያዘ ሰው ቅደም ተከተሉ ሲፈርስበት የሚያተርፈውን ጊዜ ግራ በመጋባት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ፊደል ቆጥሮ ላደገ ሰው የየኔታን ሥርዓት እንዳለ መተው፣ ገና ለሚማር ሕፃን ግን አዲሱን ቅደም ተከተል ማስያዝ የተሻለ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ያለ ኮምፒዩተርም ይሠራል። አስታማሚው ከብርሃኑ ይልቅ በድምፁ «አንደኛ ክፍል… ሁለተኛ… ሦስተኛ…» እያለ ቆጥሮ ቅንድቡ ብድግ ሲል ይቆማል፣ ከዚያ «ኸ… ወ…» ይላል፣ ከዚያ «ግዕዝ… ካዕብ…» ይላል። ገበታው የተጻፈበት ወረቀት በሰቆጣ መታወቂያ በፕላስቲክ በሚለበጥበት ሱቅ ሊለበጥ፣ ጥግ ጥጉ ተበስቶ በክር ሊንጠለጠል ይችላል፤ ልጇን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናትም ዊልቸር በማይሄድበት ይዛው ትሄዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዱ አገር ሊያቀርባቸው ይገባል ብሎ በዘረዘራቸው 50 አጋዥ መሣሪያዎች ውስጥ ከዊልቸር፣ ከመነጽርና ከመስሚያ መርጃ ጋር የመግባቢያ ሰሌዳና ካርድም ይገኝበታል። በዝርዝሩ ውስጥ ወረቀት ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ጎን መቀመጡ የድኻ ማጽናኛ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒዩተር ያለው ሰውም ሰሌዳ ያስፈልገዋልና።

ፊደል ለማያውቁት፣ በተለይም ለትንንሽ ልጆች፣ በፊደል ምትክ ሥዕል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በካናዳ ቶሮንቶ፣ ቻርልስ ብሊስ ለሌላ ዓላማ የፈለሰፋቸውን ምልክቶች አስተማሪዎች ለሴሬብራል ፓልሲ ልጆች ስላዋሏቸው መስኩ ትልቅ እርምጃ ተራምዷል፤ ዛሬ በስፔን የአራጎን ክልል መንግሥት ያሠራቸው «አራሳክ» የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች በነጻ ይገኛሉ። የሰቆጣ ልጅ ግን ሹካና ቁራሽ ዳቦ ተስሎ «ምግብ» ቢባል ለመረዳት ይቸገራል። መሶቡን፣ ጀሪካኑን፣ ፍየሏን፣ የአያቱን ፊት በስልክ አንሥቶ ማስገባት ከየትኛውም የተገዛ ሥዕል ይበልጣል።

ከሥዕሉ የሚከብደው የሰዋስው ነገር ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠሩት ሰሌዳዎች ተጠቃሚው «እኔ»፣ «መፈለግ»፣ «ውሃ» የሚሉ ሦስት ሥዕሎችን እየነካ ዓረፍተ ነገር እንዲገጣጥም ያደርጋሉ። በአማርኛ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስለሚኖር የተገጣጠመው ነገር አማርኛ አይሆንም። ደግሞም አድራጊውና ተቀባዩ፣ ሴቱና ወንዱ፣ ታናሹና ታላቁ በአንዲት ግሥ ጫፍ ይለያያሉ፤ «ስጠኝ»፣ «ስጪኝ»፣ «ይስጡኝ» የተለያዩ ቁልፎች ይሻሉ። ማሽኑ «ስጠኝ» ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ልጁ ለነፍስ አባቱ «ስጠኝ» ይላል፤ ስድነቱ የማሽኑ ቢሆንም ነቀፌታው የሚደርሰው በልጁ ላይ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚሠራ ሰሌዳ ከሁሉ አስቀድሞ «ከማን ጋር ነህ?» የሚል መምረጫ ያስፈልገዋል፤ ተጠቃሚው ሽማግሌ ዘንድ መሆኑን አንድ ጊዜ ካመለከተ በኋላ ግሦቹ ሁሉ ወደ አክብሮት ቢለወጡለት እርምጃ ይቆጥብለታል። ሰላምታም እንዲሁ ነው። «እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና?» እየተባለ በሚዘልቀው ልውውጥ ውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን»ን ፊደል በፊደል ለመጻፍ የሚታገል ሰው እርሱ ሳይጨርስ ሌላው መንገዱን ቀጥሎ ይሄዳል፤ ይህ ሐረግ በአንድ ቁልፍ ካልተቀመጠ ሰውየው ከሰላምታ ውጭ ይቀራል።

ቃል ገማች የተባሉት፣ መጀመሪያው ሲጻፍ ቀሪውን የሚጠቁሙት ፕሮግራሞችም በአማርኛ ደከም የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። «መጣ» ከሚለው ግሥ «አልመጣችም»፣ «እስኪመጡ»፣ «እንዲመጣልኝ»፣ «ከመጣችበት» እያሉ እጅግ ብዙ መልኮች ስለሚወጡ፣ ሙሉ ቃሎችን ቆጥሮ የሚገምት ፕሮግራም አብዛኞቹን አይቷቸው አያውቅም። በቅድሚያ ግንዱን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን የሚያስመርጥ ገማች ለዚህ ቋንቋ ይስማማል።

ጽሑፉ ከተጻፈ በኋላ ድምፅ መሆን አለበት፤ እዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም ሲሆን የማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ፊደል አንብቦ ድምፁን ራሱ ይፈጥራል። ለዚህ መሠረቱ የተጣለው የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ዛሬ ኢስፒክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ዐይነ ስውራን ስክሪን የሚያነቡበት፣ ኢንተርኔት ሳይፈልግ አማርኛ ይናገራል፤ ድምፁ ግን ደረቅና ብረት ብረት የሚል ነው። ማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች ለሰው ድምፅ ይቀርባሉ፣ ነገር ግን በኢንተርኔት በኩል የሚመጡ ናቸው። ዋግ በጦርነቱ ጊዜ መብራትና ስልክ ለረጅም ወራት ተቋርጦበት የነበረ አካባቢ ስለሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በኔትወርክ የሚናገር ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ዲዳ ይሆናል። ብረት ብረት የሚለው ነጻ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ተጭኖ መቀመጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ የተናገረው በቁልፉ ሥር ይቀመጥና ቁልፉ ሲነካ ይሰማል። አዲስ ነገር መናገር ባያስችልም የፈለጉትን ቋንቋ ያለ ማንም ፈቃድ ይናገራል፤ ለዋግ ኽምራ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በብዙ ቤት የእናትና የልጅ ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ ኽምጣና ከማዕከላዊ ኩሽ፣ ማለትም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን በትምህርት ቤትና በአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሥርጭት ይሠራበታል። የኽምጣናን ድምፆች ለመጻፍ አማርኛ ጨርሶ የማይጠቀምበት «ጘ» የመሰለ ቤት ስለሚያስፈልግ፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ28 ቤት ገበታ ለኽምጣና እንደገና መሰናዳት አለበት። ለትንሽ ልጅ ግን ፊደል እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በስልክ ላይ በሥዕል የሚሠራ ሰሌዳ ውስጥ በዕድሜ የሚቀርበው ወንድሙ ወይም እኅቱ በኽምጣና እየተናገሩ ቢቀዱለት ልጁ በቤቱ ቋንቋ፣ በልጅ ድምፅ ይናገራል። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ በጎልማሳ ወንድ ድምፅ፣ በማታውቀው ቋንቋ ውሃ ስትጠይቅ መስማት ለእርሷም ለሰሚዋም የሚከብድ ነገር ነው።

ስልኩ ራሱ ስክሪኑን ለመንካት የማይችለውን ሰው እንዲያገለግል የሚያደርገው ነገር ብዙ ሰው እጁ ላይ እያለ የማያውቀው ነው። በአንድሮይድ ስልኮች ቅንብር ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተመደበው ክፍል የቅኝት አሠራር አለ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ተራ በተራ እየደመቀ በአንድ ቁልፍ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በዚህ ላይ የስልኩ የፊት ካሜራ ስድስት የፊት እንቅስቃሴዎችን እንዲለይ ተጨመረበት፦ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራና ወደ ላይ ማየት፣ ፈገግ ማለት፣ አፍ መክፈትና ቅንድብ ማንሣት። ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 በካርድ ፊት ያደርገው የነበረውን የ«አዎ» ምልክት አሁን ካሜራው ራሱ ያነበዋል ማለት ነው። ብርሃን በማይገባበት ቤት ውስጥ ግን ካሜራው ይሳሳታል፣ በሚወራጭ ፊት ላይም ይታለላል፤ ስለዚህ በእጅ፣ በክርን፣ በጉልበት ወይም በአገጭ የሚነካ ትልቅ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ይህን ትልቅ ቁልፍ ከውጭ አገር ማስመጣት ውድ ነው፣ ሰቆጣ ላይ መሥራት ግን ስልክና ሬዲዮ ለሚጠግን ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የኮምፒዩተር ማውስ ሲፈታ በግራ ቁልፉ ሥር፣ እግሮቹ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ትገኛለች፤ ማውሱ «ቀጭ» የሚለው እርሷ ስትጫን ነው። ሲጫን የሚገናኙትን ሁለቱን እግሮች ለይቶ በእያንዳንዳቸው ላይ ቀጭን ሽቦ መበየድ፣ ሽቦዎቹን ከማውሱ አውጥቶ ወደ አንድ ትልቅ የደወል መጥሪያ ቁልፍ መውሰድና ቁልፉን በእንጨት ላይ ማሰር ይበቃል። ማውሱ ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል፤ በአነስተኛ መለወጫ ገመድ ከስልክ ጋር ሲገናኝ ግን የቅኝት አሠራሩ የማውስን ጠቅታ እንደ ቁልፍ መቀበሉ አስቀድሞ ይሞከር። ቁልፉ የሚታሰርበት ቦታ ግን የሚመረጠው በጠጋኙ ሳይሆን ልጁን በሚያውቀው ሰው ነው፤ አካሉ ተደግፎ በደንብ ካልተቀመጠ፣ ራሱ ካልተያዘ፣ የትኛውም ቁልፍ ቢሆን አይነካለትም። ብዙ መሣሪያ ተገዝቶ ሣጥን ውስጥ የሚቀረው ከመቀመጫው በፊት ስለሚገዛ ነው።

ዐይን ወዴት እንደሚያይ የሚከታተሉት ካሜራዎች፣ ከአንገት በታች ለማይንቀሳቀስና ዐይኑ ለቀረለት ሰው፣ በእርግጥ የሚያስደንቁ ናቸው። ለዋግ ኽምራ የመጀመሪያ ግዢ ይሁኑ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል፤ የአንዱ ዋጋ ለብዙ ቀበሌዎች ሰሌዳ፣ ስልክና ሶላር ይገዛል፣ የሚጠግነውም ሰው በቅርብ የለም።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚታሰበው በላይ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በሁለተኛው አንቀጹ «ተግባቦት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ብሬልንና የምልክት ቋንቋን ብቻ ሳይሆን አጋዥና አማራጭ የተግባቦት ዘዴዎችንም ጨምሮ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው፣ በአንዳንድ ድኻ አገሮች ግን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ዋግ ኽምራ በሚገኝበት በአማራ ክልል ውስጥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማለት ሰው በዕለት ኑሮው የሚሠራውን፣ መብላትን፣ መልበስንና መጻፍን፣ በቀረው አቅም መሥራት እንዲችል የሚያለማምድ ሙያ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ባለሙያ በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል በኩል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ገበታውንና ቅኝቱን ቢያስተምር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት እነርሱ ስለሆኑ ትምህርቱ ዊልቸር በማይደርስበት ይደርሳል።

መሣሪያው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ሥራ የሰሚው ነው። በንግግር በደቂቃ ከመቶ ቃል በላይ የለመደ ጆሮ በደቂቃ ሁለትና ሦስት ቃል ሲመጣለት ይሰለቻል፤ የጀመረለትን ቃል ይጨርስለታል፣ ወይም ጥያቄውን ወደ እናቱ ያዞራል። ሁለቱም ልጁን ወደ ዝምታው ይመልሱታል። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት አንባቢ የመሣሪያ ዋጋ ከማጠያየቁ በፊት መልሳቸው የታወቀ ሦስት ቀላል ጥያቄዎችን ይጠይቀው፣ በእያንዳንዱም ላይ ቅንድቡን፣ ዐይኑን፣ አፉን፣ የእግሩን ጣት ሳይቀር ይመልከት፤ ደጋግሞ የሚመጣው እንቅስቃሴ ቁልፉ እርሱ ነው። ስልክ ካለ የመጀመሪያው ቀረጻ «አቤት» ይሁን፣ በኽምጣና ለሚያድግ ልጅም ለጥሪ የሚመለሰው የቤቱ ቃል ይሁን፤ ስሙ ሲጠራ የሚመልስ ልጅ መኖሩን ቤቱም ጎረቤቱም ይሰማዋልና። ጥያቄ የጠየቀም ሰው መልሱ እስኪመጣ ዝም ብሎ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር፤ ካልበቃም እንደገና ይቁጠር።